ከድንጋይ ከሰል ወደ ነዳጅ ዘይት
የምድር ባቡር ነዳጅ ለውጥና ለታሪክ መምህር የሚሰጠው ትምህርት

ስለ ምድር ባቡር ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያወሱት ሐዲዱን ያስዘረጉትን ነገሥታትና ኩባንያዎች፣ ድልድዩን የሠሩትን መሐንዲሶች፣ ባቡሩ በደረሰ ጊዜ የተቈረቈሩትንም ከተሞች ነው። ባቡሩ ምን እየበላ እንደ ሄደ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ፈረስ ያለ ገብስና ያለ ሣር እንደማይሮጥ ሁሉ ባቡርም ያለ ነዳጅ አይንቀሳቀስም። ነዳጁ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚሸጠው፣ ማንስ በጉልበቱ ወደ ምድጃው እንደሚጨምረው ያልመረመረ የታሪክ ተማሪ የነገሩን ግማሽ ብቻ ያውቃል።

በዚህ ጽሑፍ የምድር ባቡር ከድንጋይ ከሰል ወደ ነዳጅ ዘይት የተሻገረበትን መንገድ፣ በተለይም በምሥራቅ አፍሪካና በቀይ ባሕር አካባቢ የሆነውን፣ በአጭሩ ለማሳየት እሞክራለሁ። ላስረዳ የምፈልገውም ዋና ነገር ይህ ነው፤ አንዱ ነዳጅ ሌላውን የሚተካው በባሕርዩ ስለ በለጠ ብቻ ሳይሆን በቅርበቱ፣ በሚጠይቀው ውሃና የሰው ጉልበት፣ በሚገዛበትም ገንዘብ ተመዝኖ ነው። ስለዚህም የነዳጅ ለውጥ በተደረገ ቁጥር አንድ አገር የማን ጥገኛ እንደሚሆን አብሮ ይለወጣል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. የድንጋይ ከሰል ዘመን

የእንፋሎት ባቡር የድንጋይ ከሰል ልጅ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በእንግሊዝ አገር በ1825 የተከፈተው የስቶክተንና የዳርሊንግተን መስመር የተሠራው በመጀመሪያ ሰው ለማመላለስ ሳይሆን ከማዕድን ጕድጓድ የወጣውን ከሰል ወደ ወንዝ ዳር ለማድረስ ነበር። ሎኮሞቲቩ ከሰል እየበላ ከሰል ይጐትት ነበር ማለት ነው። ከሰል በደጁ ለነበረው አገር ከዚህ የተሻለ ነዳጅ ሊታሰብ አይችልም ነበር። በዚያው ዘመን ሰፊ ደን የነበራቸው አሜሪካውያን ደግሞ ለብዙ ዓመታት ባቡራቸውን በእንጨት ይነዱ ነበር። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንደሚባለው ሁሉ እያንዳንዱ አገር በአጠገቡ ያገኘውን አነደደ።

የድንጋይ ከሰል የሚጠይቀው ድካም ግን ቀላል አልነበረም። በሎኮሞቲቩ ላይ ከነጂው ጋራ አንድ እሳት አንዳጅ ነበረ። የእርሱም ሥራ በሚወዛወዝ ወለል ላይ ቆሞ ከሰሉን በአካፋ እየዛቀ ወደ ምድጃው መወርወር፣ እሳቱ በአንድ በኩል እንዳይሳሳ በሁሉም ማዕዘን ማዳረስ፣ የውሃውንም ልክ መጠበቅ ነበር። ከባድ ባቡር ዳገት በሚወጣበት ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ቶን በላይ ከሰል በአንድ ሰው እጅ ያልፍ ነበር። ጕዞው ሲያበቃም አመዱን መጥረግ ነበረበት፤ በማግስቱም እሳቱን አቀጣጥሎ እንፋሎቱ ኃይል እስኪያገኝ ብዙ ሰዓት ይጠበቅ ነበር።

ከሰል ወደ እኛ አካባቢ የመጣው ግን ከባቡር በፊት በመርከብ ነው። እንግሊዞች በ1839 ኤደንን ሲይዙ አንዱ ምክንያታቸው ወደ ህንድ የሚሄዱት የእንፋሎት መርከቦች ከሰል የሚጭኑበት ወደብ ማግኘት ነበር። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ የዚህ ወደብ ዋጋ እጅግ ጨመረ። ፈረንሳዮች በ1880ዎቹ ከቻይና ጋራ በተዋጉ ጊዜ እንግሊዞች በኤደን ለፈረንሳይ የጦር መርከቦች ከሰል አንሰጥም አሉ። ከዚህም የተነሣ ፈረንሳዮች ቀድሞ ስም ብቻ የነበራትን ኦቦክን አጥብቀው ያዙ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተውም የተሻለ መልሕቅ መጣያ ወዳላት ወደ ጅቡቲ ዞሩ። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ የሆነችበት አንዱ ምክንያት የከሰል ክልከላ ነው። ከዚያች ወደብ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ የሚዘልቀው የምድር ባቡር ውል በ1886 ዓ.ም. (1894) ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘንድ ሲፈቀድ፣ ሐዲዱ የሚነሣበትን ስፍራ የከሰል ፖለቲካ አስቀድሞ ወስኖለት ነበር ማለት ይቻላል።

፪. ለውጡ የተጀመረበት ስፍራ

ዘይትን በባቡር ምድጃ ውስጥ በሰፊው ለማንደድ የመጀመሪያ የሆነችው ከሰል የሞላባት እንግሊዝ ሳትሆን ሩሲያ ናት። በካስፒያን ባሕር ዳር ባለችው በባኩ ከተማ ከመሬት የሚወጣው ዘይት በዚያ ጊዜ የሚፈለገው ለመብራት በሚያገለግለው በላምባ ምክንያት ነበር። ላምባው ተጣርቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረውና ሩሲያውያን ማዙት የሚሉት ወፍራም ጥቁር ዝቃጭ የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ ይጣል ነበር። ይህን ዝቃጭ በመርከብ በካስፒያን ባሕር አሳልፎ በቮልጋ ወንዝ ሽቅብ ማድረስ ይቻል ነበር። ከወንዙ ዳር ባለችው በጻሪጺን ከተማ ተነሥቶ ወደ ግሪያዚ የሚሄደው የምድር ባቡር ግን ከሰሉን የሚያስመጣው በብዙ ወጪ ከሩቅ ነበር።

የዚህ መስመር የሎኮሞቲቭ ኃላፊ የነበረው ቶማስ ኡርክሃርት የሚባል የስኮትላንድ ሰው የእንፋሎትን ግፊት በመጠቀም ዘይቱን እንደ ጉም አድርጎ ወደ ምድጃው የሚረጭ መሣሪያ አሻሻለ፤ ምድጃውንም እሳት በሚችል ጡብ አስለበጠ። በ1885ም የመስመሩ 143 ሎኮሞቲቮች በሙሉ ከከሰል ወደ ዘይት ተዛውረው ነበር። የአንድ ቶን ዘይት ሙቀት ከአንድ ቶን ተኩል ያህል ጥሩ ከሰል ሙቀት ጋራ ስለሚመጣጠን በጋሪው ላይ የሚይዘው ስፍራ አነሰ፤ አመድም አልተረፈም። እሳት አንዳጁም አካፋውን አስቀምጦ የዘይቱን መክፈቻና የጢሱን መልክ ብቻ መጠበቅ ጀመረ።

እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ዘይቱ ከሰሉን ያሸነፈው በባኩና በጻሪጺን መካከል ወንዝና ባሕር ስለ ነበረ መሆኑ ነው። ይኸው መሣሪያ በእንግሊዝ አገር ቢሞከርም ከሰል በርካሽ በሚገኝበት ስፍራ ሊስፋፋ አልቻለም። በአሜሪካም በቴክሳስ በ1901 የስፒንድልቶፕ የዘይት ጕድጓድ ከፈነዳ በኋላ ዘይትን ፈጥነው የተቀበሉት ከሰል የራቃቸው የደቡብና የምዕራብ ምድር ባቡሮች ሲሆኑ፣ በከሰል ማዕድን አጠገብ የሚያልፉት የምሥራቅ መስመሮች በከሰል ጸኑ።

፫. ገንዘብ ያፈረሰው ዕቅድ

የእንግሊዝን ነገር በተለይ ማውሳት ይጠቅማል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚያ አገር የከሰል እጥረት ሆነ። መንግሥትም በ1946 1,217 ሎኮሞቲቮችን ወደ ዘይት ለማዛወር አሰበ፤ የዘይት ማጠራቀሚያዎችም በየጣቢያው ይተከሉ ጀመር። ከዚህ በኋላ ግን ዘይቱን ከውጭ አገር ለመግዛት የሚያስፈልገው የውጭ ምንዛሪ የማይገኝ መሆኑ ታወቀ። በዚህም ምክንያት 93 ሎኮሞቲቮች ብቻ ከተዛወሩ በኋላ ሥራው ቆመ፤ የተዛወሩትም ወደ ከሰል ተመለሱ። መሣሪያው አልተበላሸም፤ መሐንዲሶቹም አልተሳሳቱም። ዕቅዱን ያፈረሰው የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ነው። በእንግሊዝ የእንፋሎት ባቡር ከመደበኛ ሥራ የወጣው በነሐሴ ወር 1968 ሲሆን እስከዚያ ድረስ በከሰል ቆየ።

ከሰሉን ፈጽሞ ከምድር ባቡር ያስወጣው ሌላ ዓይነት ለውጥ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ያሳየው ሞተር ዘይቱን የሚያቃጥለው ከጋን በታች ባለ ምድጃ ሳይሆን በራሱ በሞተሩ ውስጥ ነው። በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከነዳጁ ኃይል ከመቶ አሥር እጅ እንኳ ወደ ጐማው የሚደርሰው እምብዛም ሲሆን በዲዝል ሞተር ግን ከመቶ ሃያ አምስት እጅና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በአሜሪካ በ1939 የቀረበው አራት ክፍል ያለው የዕቃ ባቡር ሎኮሞቲቭ 5,400 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በብዙ መስመሮች ላይ ለሙከራ ከ130,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ አስተማማኝነቱን አስመሰከረ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ሲያልፍ በአሜሪካ የእንፋሎት ባቡር ከዋና ዋና መስመሮች ጠፋ።

ስለዚህ «ከከሰል ወደ ዘይት» ሲባል ሁለት እርምጃዎች እንዳሉ መለየት ይገባል። አንደኛው በአሮጌው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ምድጃ ውስጥ ከሰሉን በከባድ ጥቁር ናፍጣ መተካት ነው። ሁለተኛው እንፋሎቱንም ራሱን ትቶ በናፍጣ ሞተር መሄድ ነው። በእኛ አካባቢ ሁለቱም ተደርገዋል፤ ግን በአንድ መንገድ አልነበረም።

፬. ከሞምባሳ እስከ ታላቁ ሐይቅ

ከሞምባሳ ወደብ በ1896 መሠራት የጀመረው የኡጋንዳ ምድር ባቡር በ1901 መጨረሻ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። ይህ መስመር ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ደጋ ይወጣል፤ ከዚያም የስምጥ ሸለቆውን ወርዶ እንደ ገና ይወጣል። በኋላ ወደ ካምፓላ በተዘረጋው መንገድ ላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ ይደርሳል። ለእንዲህ ያለው ዳገት ብዙ ነዳጅ ያስፈልጋል። በሐዲዱ አጠገብ ግን የከሰል ማዕድን አልነበረም፤ ከሰሉ ከባሕር ማዶ በመርከብ መምጣት ነበረበት። ስለዚህ መስመሩ ለብዙ ዓመታት ያነደደው በአብዛኛው እንጨት ነበር። የተፈጥሮው ደን እየራቀ በሄደ መጠን ለባቡሩ ማገዶ ተብሎ ባሕር ዛፍ በሐዲዱ ዳር ተተከለ። አዲስ አበባም ከተቈረቈረች በኋላ የማገዶ ችግሯን ያቃለለችው በዚሁ ዛፍ መሆኑን ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የሚጓጓዘው ቡና፣ ጥጥና ሌላም ዕቃ ከባቡሩ አቅም በላይ ሆነ። በ1948 የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንጋኒካ መስመሮች በአንድ አስተዳደር ሥር ከተጠቃለሉ በኋላ ሎኮሞቲቮቹ በብዛት ወደ ዘይት ተዛወሩ። ዘይቱን ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ወደ ሞምባሳ ማድረስ፣ ከወደቡም በጋን ፉርጎ ወደ ጣቢያዎቹ ማከፋፈል ከሰልን ወይም እንጨትን ከማመላለስ ይቀል ነበር።

የዚህ ለውጥ ከፍተኛ ፍሬ ከ1955 ጀምሮ ከማንቸስተር የመጡት 34 ታላላቅ የጋራት ሎኮሞቲቮች ናቸው። እያንዳንዳቸው ክብደታቸው ከ250 ቶን በላይ ሲሆን፣ ለአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ ከተሠሩት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ሁሉ እነርሱን የሚያህል አልነበረም። በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ስም ተሰይመው 1,200 ቶን የሚመዝን ባቡር ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ ያወጡ ነበር። ለእንዲህ ያለ ሰፊ ምድጃ የሚበቃውን ከሰል አንድ ሰው በአካፋ ሊያቀርብ አይችልም፤ በዘይት ግን አንድ ሰው መክፈቻውን በማዞር ብቻ ይመግበው ነበር። እዚህ ዘይት ለእንፋሎት ሞት አላመጣበትም፤ እንዲያውም ዕድሜውን አራዘመለት። ከ1960 ጀምሮ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች በዋናው መስመር ላይ ቢገቡም ጋራቶቹ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሠርተዋል። ከእነርሱም አንዱ በናይሮቢ የምድር ባቡር ቤተ መዘክር ቆሞ ይታያል።

፭. ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ፣ ከምጽዋ እስከ አሥመራ

የጅቡቲና የአዲስ አበባ መስመር ሥራ በ1890 ዓ.ም. (1897) ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. (1902) ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. (1917) አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚህ መስመር ላይ ከነዳጁ ችግር የማያንስ ሌላ ችግር ነበረ፤ ይኸውም የውሃ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ፣ ከዚያም እስከ አዋሽ ድረስ በሚያልፍበት ቆላ ውሃ እጅግ ጥቂት ነው፤ የተገኘውም ብዙ ጊዜ ጨዋማ ነው። ጨዋማ ውሃ ደግሞ በሎኮሞቲቩ ጋን ውስጥ እንደ ድንጋይ እየተጋገረ ብረቱን ያበላሻል። የእንፋሎት ባቡር ከሚበላው ነዳጅ ይልቅ የሚጠጣው ውሃ በክብደት ብዙ እጅ ስለሚበልጥ፣ በበረሃ የሚሄድ ባቡር ዋና ጌታው ውሃ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ በዚህ መስመር የናፍጣ ሎኮሞቲቭ የተወደደበት ምክንያት ከሞምባሳው የተለየ ነው። በዘይት የሚነድ የእንፋሎት ምድጃ የከሰልን ችግር ቢያስወግድም የውሃውን ችግር አያስወግድም። የናፍጣ ሞተር ግን ለማቀዝቀዣ ከምትሆነው ጥቂት ውሃ በቀር አይፈልግም። ስለዚህ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ናፍጣና ኤሌክትሪክ የሚያጣምሩት ሎኮሞቲቮች የእንፋሎቱን ስፍራ ያዙ። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ በምጽዋና በአሥመራ መካከል ሊቶሪና የሚባለውን ባለ ሞተር የመንገደኛ ባቡር ሲያስገቡም ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ በሚወጣ ዳገት ላይ የመንገደኛውን ጕዞ አቀለለ። ከባዱን ዕቃ ግን በዚያ መስመር የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ለብዙ ዓመታት መጐተታቸውን አልተዉም።

ለውጡ ያለ ዋጋ አልተገኘም። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ለመቅዳት በየአጭር ርቀቱ መቆም ነበረበት። በቆመበት ስፍራ ሁሉ ውሃ ቀጂ፣ ጠባቂ፣ ጠጋኝ፣ ለመንገደኛው ዳቦ፣ ሻይና ፍሬ የሚሸጥም ሰው ነበረ። ባቡሩ ሳይቆም ማለፍ ሲችል የትናንሽ ጣቢያዎች ሥራ መቀነሱ አይቀርም። እሳት አንዳጁም ከከባድ ድካም ዐረፈ፤ ግን እርሱን ያሳረፈው ሞተር በብዙ አገር እንጀራውንም ወሰደበት። በአንጻሩ የሞተርና የኤሌክትሪክ ጥገና የሚያውቅ ሠራተኛ ተፈላጊነቱ ጨመረ፤ እንደ ድሬዳዋ ባሉ የጥገና ማዕከሎችም አዲስ ዕውቀት መማር ግድ ሆነ። ስለዚህ ለውጡ ለአንዱ በረከት፣ ለሌላው ጉዳት እንደ ነበረ ሳንሸሽግ ማስተማር አለብን።

፮. የጥገኝነት ጉዳይ

ከሰል ከውጭ ይመጣ ነበር፤ ዘይትም ከውጭ መጣ። የተለወጠው ሻጩ ነው። ዘይት ርካሽ በነበረበት ዘመን ይህን የሚያስተውል ብዙ አልነበረም፤ «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። በ1973 መጨረሻ የዘይት ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል ሲያድግ፣ የራሳቸው ዘይት የሌላቸው አገሮች የጥገኝነታቸውን ልክ ዐወቁ። በኢትዮጵያ በየካቲት ወር 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ መጨመር ምክንያት ሥራ ሲያቆሙ፣ መምህራንም በትምህርት ጥናቱ ምክንያት በዚያው ሰሞን ሥራ አቁመው እንደ ነበር የሞያ ባልደረቦቼ ሁሉ ያውቁታል። የመምህሩ ጥያቄ ሌላ፣ የታክሲ ነጂው ጥያቄም ሌላ ነበር። ነገር ግን ከሩቅ አገር የመጣ የነዳጅ ዋጋ በአንድ አገር ታላቅ የታሪክ ለውጥ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ለማግኘት ያስቸግራል።

ሦስተኛው እርምጃም በእኛ ዘመን ተጀምሯል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የተሠራው አዲሱ መስመር በ2009 ዓ.ም. (2016) ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. (2018) መደበኛ አገልግሎት ጀመረ፤ የሚሄደውም በኤሌክትሪክ ነው። ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ በ2017 የተከፈተው አዲስ መስመር ግን ሥራውን የጀመረው በናፍጣ ነው። ኢትዮጵያ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው የምታገኘው ከራሷ ወንዞች በመሆኑ፣ ውሃ አጥቶ የተቸገረው አሮጌ መስመር ወራሽ በውሃ ኃይል የሚሄድ ሆነ። ይህም ቢሆን ከጥገኝነት ፈጽሞ ነፃ አያወጣም። ሎኮሞቲቩና መለዋወጫው ከውጭ ይመጣሉ፤ መብራት ሲጠፋም ባቡሩ ይቆማል። ያም ሆኖ ነዳጁ ከገዛ አገር የሚገኝ መሆኑ ከከሰልና ከዘይት ዘመን የሚለየው ታላቅ ነገር ነው።

፯. ለመምህራን

በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሳስተምር ብዙ ጊዜ ያስተዋልኩት፣ ዕጩ መምህራን የአንድን ለውጥ ምክንያት ሲጠየቁ የፈልሳፊውን ስም ጠርተው ማቆማቸውን ነው። «ለምን ከሰል ቀረ?» ሲባሉ «ዲዝል ሞተር ስለ ፈለሰፈ» ይላሉ። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ጐደሎ ነው። ዲዝል በ1897 ሞተሩን ከሠራ በኋላ ከሰል በእንግሊዝ ምድር ባቡር ሰባ ዓመት እንደ ነደደ፣ ኡርክሃርት ደግሞ ከዲዝል በፊት ከሰልን በአንድ ሙሉ መስመር ላይ እንደ ተወ ከላይ አይተናል። የፈልሳፊ ስም ብቻውን እነዚህን ሁለት ነገሮች አያስረዳም።

ስለዚህ በክፍል ውስጥ ይህን የመሰለ ትምህርት በምንሰጥበት ጊዜ ተማሪዎቹ አራት ጥያቄዎችን እንዲጠይቁ ብናስለምዳቸው መልካም ይመስለኛል። አንደኛ፣ ነዳጁ የሚገኘው ከየት ነው፣ በምንስ ይደርሳል? ሁለተኛ፣ ምን ያህል ውሃና የሰው ጉልበት ይፈልጋል? ሦስተኛ፣ የሚገዛው በየትኛው ገንዘብ ነው? አራተኛ፣ በለውጡ ማን ሥራ አገኘ፣ ማንስ አጣ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች የለመደ ተማሪ ስለ ባቡር ብቻ ሳይሆን ስለ ወፍጮ፣ ስለ ጭነት መኪና፣ ስለ ቤት ማገዶም ሊጠይቃቸው ይችላል።

በምድር ባቡር አጠገብ በሚገኙ ከተሞች የምታስተምሩ መምህራን ደግሞ ሌላ ዕድል አላችሁ። በእንፋሎት ዘመን እሳት ያነደዱና ውሃ የቀዱ ሰዎች ዛሬ ጥቂት ቢቀሩ ነው፤ ወደ ናፍጣ ከተዛወረ በኋላ የነዱና የጠገኑ ግን ገና አሉ። ስለ ኩባንያው ውልና ስለ ሐዲዱ ርዝመት የተጻፈ ሰነድ በቤተ መጻሕፍት ይገኛል። አንድ ሠራተኛ በሌሊት ፈረቃ ምን ይሠራ እንደ ነበር፣ አዲሱ ሞተር በመጣ ጊዜ ማን እንዳስተማረው፣ ጎረቤቱ ለምን ጣቢያውን ለቆ እንደ ሄደ ግን የሚነግረን እርሱ ራሱ ነው። ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ወደነዚህ ሽማግሌዎች ይሂዱ፤ በአክብሮት ይጠይቁ፤ የሰሙትንም ቀኑንና ስፍራውን ለይተው ይጻፉ። እንዲህ የተሰበሰበው ማስታወሻ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው የታሪክ መምህር ስለ ሐዲዱ ባለቤት ብቻ ሳይሆን እሳቱን ስላነደደው ሰውም የሚያስተምርበት ጽሑፍ ያገኛል።